ብዙነሽ ያጠበቀችው ጎማ

ከሥራ ስሰናበት መሥሪያ ቤቴ ብርድ ልብስ ሰጠኝ። ደንቡ ለወንድ የእጅ ሰዓት፣ ለሴት ብርድ ልብስ ነው። ዕድሜዬን ከወንዶቹ እኩል መኪና ሥር ተኝቼ ስጨርስ፣ ሴት መሆኔ ትዝ ያላቸው በስንብቱ ቀን ነበር። ተቀብዬ አመሰገንኩ። ብርድ ልብሱ እስካሁን ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

ከመድረኩ ስወርድ የቆሻሻ መኪና ሹፌሮቹ በሩ አጠገብ ጠብቀው አንድ ረዘም ያለ ጥቁር ሣጥን አስታቀፉኝ።

"ይሄ ከእኛ ነው፣ እትዬ ብዙ" አለኝ ከመካከላቸው ሽማግሌው። "ሰዓት ባይሆንም ቁጥር አለው።"

ውስጡ ዲጂታል ቶርክ ሬንች ነበር።

ለማያውቀው ልንገር። ቶርክ ሬንች መፍቻ ነው፤ ግን ማጥበቅ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንዳጠበቀም ይለካል። እያንዳንዱ የመኪና ዳዶ፣ ቡሎን ላይ የሚጠመዘዘው ብረት፣ የራሱ ልክ አለው። ከልኩ በታች ከሆነ ይላላል። ከልኩ በላይ ከሆነ ቡሎኑ ይሳባል፣ አንድ ቀን ደግሞ ይበጠሳል። የድሮው ቶርክ ሬንች ልኩ ላይ ሲደርስ እጅ ውስጥ ቀጭ ይላል። አዲሱ እንደ ስልክ ትንሽ መስኮት አለው፤ ቁጥሩን ያሳያል፣ ይጮኻል፣ መብራት ያበራል። በአንዱ ሥራ ጀመርኩ፣ በሌላው ጡረታ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ግን መፍቻ ለማስተዋወቅ አይደለም። እኔ በምኖርበት የኮልፌ ሰፈር አንድ ነገር ሲላላ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። የእድር ድንኳን ምሰሶ ሲወዛወዝ፣ የሰርግ ወንበር ሲንቋቋ፣ "ብዙነሽ ናት እንዴ ያጠበቀችው?" ይባላል። ሰው ይስቃል። ከሚስቁት ብዙዎቹ ነገሩ ከየት እንደመጣ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ሌሎች ሲያወሩት ዝም ብዬ ኖሬያለሁና አሁን ተራው የእኔ ነው። ስለ ትዳሬና ስለ ቤቴ ግን የምጽፈው የለም። እሱን የፈለገ ከሚያወሩት ይጠይቅ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክነት ጨርሼ የተመደብኩበት የመንግሥት ጋራዥ የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡሶችንና የቆሻሻ መኪኖችን ይጠግን ነበር። የምደባ ወረቀቴን ያየው ኃላፊ ቀና ብሎ "እኛ የጠየቅነው ታይፒስት አይደለም" አለኝ። እኔም ታይፕ እንደማልችል ነገርኩት። የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ሆነ። ከእኔ በኋላ የገቡ ወንዶች ሞተር ሲያወርዱ እኔ በርሜል ላይ አጎንብሼ ፒስተን አጥብ ነበር። እዚያ ያስቀመጠኝ ማን እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ከበርሜሉ ያነሡኝ ጋሽ በየነ ናቸው። አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የቡልጋ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ያጠብኩትን ቡሎን አንሥተው ጥርሱን በጥፍራቸው እየተከተሉ አዩትና ማን እንዳጠበው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኳቸው።

"ጥርሱ ውስጥ ድረስ የምታጥብ ሰው ማጥበቅም ትችላለች" አሉ። "ነዪ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ሰው ሆንኩ።

ጋሽ በየነ ሦስት ጨርቅ ይይዙ ነበር። አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለዕቃ፣ ሦስተኛው ነጭ መሐረብ ሆኖ ለፊታቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ሲያወጡ አላየሁም። ጎማ ሲያስሩ መጀመሪያ የሚያነሡት መፍቻ ሳይሆን የሽቦ ብሩሽ ነው። ቸርኬው የሚያርፍበትን ብረትና የራሱን የቸርኬውን ጀርባ፣ ዝገቱና ጭቃው ለቆ ብረቱ እስኪታይ ድረስ ይፍቁታል። "ብረት ከብረት ጋር ራሱ ይነጋገር፤ በመካከላቸው አማላጅ አታስገቢ" ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ ዳዶውን በጣታቸው ያስገቡታል። በጣት አልሄድም ካለ ያወጡታል፣ ያጸዱታል፣ እንደገና ይሞክራሉ፤ በመፍቻ አያስገድዱትም። ማጥበቅ ሲጀምሩ ከአንዱ ዳዶ ወደ ጎረቤቱ አይሄዱም፤ ማዶ ወዳለው ይሻገራሉ። ጎማው አየር ላይ እያለ ለዘብ አድርገው፣ ክሪኩ ወርዶ ጎማው መሬት ሲረግጥ ደግሞ በልኩ። መፍቻውን በዝግታ ይስቡታል እንጂ አይነጥቁትም። በዚያን ሰዓት ማንም ቢያናግራቸው መልስ የለም። የጋራዡ ኃላፊ እንኳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃቸው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ የቶርክ ሬንቹን ስፕሪንግ አላልተው፣ ጠርገው፣ ሣጥኑ ውስጥ ያስተኙታል። "እሱም ይረፍ" ይላሉ። በእሱ ዳዶ ለመፍታት የሞከረ ሰው ከእሳቸው ሰላምታ አያገኝም።

የመጨረሻው ልማዳቸው ጠመኔ ነው። ከኪሳቸው የተማሪ ቤት ጠመኔ አውጥተው በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ አንድ መስመር ያሰምራሉ፤ መስመሩ ከዳዶው ተነሥቶ ቸርኬው ላይ ይወርዳል። ዳዶው ቢዞር መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ሹፌር ወርዶ በዓይኑ ብቻ ዳዶው መንቀሳቀሱን ማወቅ ይችላል። መጀመሪያ ያዩት ሁሉ ይስቁባቸው ነበር፤ ኋላ ግን ሹፌሮቹ ጠመኔ ያልነካውን ጎማ ይጠራጠሩ ጀመር።

ቶርክ ሬንቹን እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ የነገሩኝን አልረሳም። "ይህ መፍቻ አይዋሽም። ግን የሚመልስልሽ የጠየቅሽውን ብቻ ነው። ዳዶው ምን ያህል እንደከበደ ይነግርሻል፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ግን አንቺ ነሽ የምታዪው።"

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ዘነበወርቅ ቤታቸው ሲገቡ፣ በጋራዡ ጠመኔ የሚይዝ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

አሁን ስለ ጋራዡ ካቦ፣ ስለ ሠራተኞቹ አለቃ። ታደለ ብዬ ልጥራው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁ ያውቁታል። ናፍጣ በርሜል ላይ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ሙያ አልነበረውም አልልም፤ እንደ እኔው ከታች የመጣ መካኒክ ነው፣ እጁም ፈጣን ነበር። ነገር ግን ለዓይን ይሠራል። መኪና ከሚሄድለት ይልቅ ቢያብረቀርቅለት ይወድዳል። ትልልቅ ሰዎች ጋራዡን ሊጎበኙ ነው የተባለ ዕለት ያልተቀባ ነገር አልቀረም። ግንቡ ተቀባ፣ የአበባው መደብ ድንጋይ ተቀባ፣ የውኃው በርሜል ተቀባ። ታደለ የአውቶቡሶቹን ጎማ አስፈትቶ ቸርኬዎቹን በብርማ ቀለም አስረጨ፤ ፊቱንም ጀርባውንም፣ የሚያርፍበትንም ብረት ጭምር። ቀለሙ ወፍራም ነበር። ከላይ ደርቋል፤ በጥፍር ሲጫኑት ግን ይሰረጉዳል።

ከአውቶቡሶቹ አንዱን እንዳስር የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የሽቦ ብሩሼን ይዤ ጀርባውን ልፍቅ ስል ታደለ ደረሰ። ቀለሙ ተፍቆ ካልሆነ ጎማው እንደሚላላ ነገርኩት።

"እንግዶቹ በር ላይ ናቸው፤ አንቺ ቀለም ትፍቂያለሽ?" አለኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ "ቀለም ጎማ ሲያስወልቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አለ። ሳቁ። ብሩሹን ከእጄ ወሰደው።

አሰርኩት። ማዶ ለማዶ እየተሻገርኩ፣ መፍቻው በየዳዶው ቀጭ እስኪል፣ ልክ እንደተማርኩት። በጠመኔም አሰመርኩ። ቢያንስ አንድ ዙር ተነድቶ ተመልሶ እንዲታይ ጠየቅኩ፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ሁልጊዜ እንደገና ይፈተሻል። እንግዶቹ ጎብኝተው፣ አድንቀው ሄዱ። አውቶቡሱ ሳይፈተሽ በማግሥቱ ሥራ ወጣ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከአስኮ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማው ወለቀ። ጎማው ብቻውን ተንከባልሎ የአንድ ሱቅ ግድግዳ መታ። አውቶቡሱ ቦይ ውስጥ ወድቆ ቆመ። ተሳፋሪዎቹን እግዚአብሔር አተረፋቸው። ሹፌሩ ክንዱ ተሰብሮ ዳግመኛ ከባድ መኪና አልነዳም። ልጠይቀው ስሄድ "ጎማውን ያየሁት ስንወጣ ነው፤ መስመርሽ ቀጥ ብሎ ነበር" አለኝ። ያ ሰው ስለ እኔ ክፉ ሲያወራ አልተሰማም፤ ይህንንም እዚህ እጽፈዋለሁ።

አውቶቡሱ ተጎትቶ ሲገባ ያልወለቁትን ጎማዎች አየሁ። ከዚህ በኋላ የምናገረውን መካኒክ ያልሆነ ሰውም ልብ ብሎ ያንብብልኝ። የጠመኔው መስመሮች ቀጥ እንዳሉ ነበሩ። አንዱም ዳዶ አልዞረም። ነገር ግን ሁለት ሦስቱ ላይ መፍቻ ሳሳርፍ ያለ ጉልበት ተፈቱ። ዳዶው ካልዞረ የላላው በምንድን ነው? ከሥሩ ያለው ቀለም ተደፍጥጦ ስለሳሳ ነው። ብረቱና ብረቱ አልተገናኙም ነበር፤ በመካከላቸው የገባው አማላጅ ሸሸ።

ታደለን ጠራሁት። አጎንብሶ መስመሩን አንድ በአንድ አየ። ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። መካኒክ ነዋ። ከዚያ ከመሬት ናፍጣ የነካ ጨርቅ አነሣና መስመሮቹን ጠረጋቸው። ሲጨርስ ቀና ብሎ፦

"የቱ መስመር?" አለኝ።

አጣሪዎች መጡ። እኔ ስለ ቀለም ተናገርኩ፤ እሱ ስለ ሴት ክንድ ተናገረ። ደመወዜ ከእርከኑ ወረደ፤ እሱን ልለፈው። ከመፍቻ ተነሥቼ ግምጃ ቤት ገባሁ፤ ለሌላው መካኒክ ዳዶ እየቆጠርኩ ማደል ሥራዬ ሆነ። "ብዙነሽ ያጠበቀችው ጎማ" የሚለው ነገር ያን ሳምንት ጋራዡ ውስጥ ተወለደ። ታደለ ጎረቤቴ ስለሆነ ሰፈር ድረስ ይዞት ገባ።

ዘነበወርቅ ሄጄ ለጋሽ በየነ ሁሉን ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"መስመሩ ቀጥ ብሎ ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ያንቺ ሥራ አልላላም።"

በነጋታው ሊመሰክሩልኝ ጋራዡ ድረስ መጡ። ዕድሜያቸውን ባገለገሉበት በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ጠይቆ አላስገባም አላቸው። እንዳይገቡ ያዘዘው ማን እንደሆነ አልተነገረኝም፤ መገመት ግን አያቅተኝም። ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠርገው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ከሁሉ ይልቅ ያልጸዳልኝ ቂም የጎማው አይደለም፤ ያ በር ነው።

ከግምጃ ቤት የወጣሁት አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ነው። የቆሻሻ መኪኖችን የሚይዝ መካኒክ ጠፍቶ ነበር። ወንዶቹ ሽታውን ይጠየፋሉ፣ ከሥሩ ሲተኙ የሚንጠባጠበውን ይሸሻሉ። እኔ ገብቼ ስጡኝ አልኩ። ታደለ ከኃላፊው አጠገብ ቆሞ "እሷ ካሰረችው ቆሼ ሳይደርስ ጎማውን መንገድ ላይ ይለቅማሉ" አለ። ኃላፊው ግን ሌላ ሰው አልነበረውምና ሰጠኝ።

የመጀመሪያዋ መኪና ቴስታታዋ፣ የሞተሯ ክዳን፣ በሌሎች እጅ ደጋግሞ የተከፈተ፣ ማሸጊያውን ጓርኒሲዮን በየጊዜው የምትበላ፣ ውኃና ዘይት የምትቀላቅል ነበረች። ልትሸጥ ነበር የታሰበው። የቴስታታውን ፊት በቀጥ ያለ ብረት ፈትሼ፣ የቡሎኖቹን ጉድጓድ ባዶ እስኪሆን አጸዳሁ፤ የቆየ ዘይት ተጠራቅሞበት ነበር። ቡሎን ዘይት የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መፍቻው ልክ ነው ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተጫነም። የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ከዚያ ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር፣ በየደረጃው ከፍ እያደረግኩ አጠበቅኩ። ያቺ መኪና እኔ ጡረታ ስወጣም ትሠራ ነበር።

የቆሻሻ መኪና ሹፌሮች የማይሞኙ ሰዎች ናቸው። ቆሻሻ መጣያው ቆሼ ላይ የሚነዱት በሽቦ፣ በጠርሙስና በሚሰምጥ ቆሻሻ ላይ ነው፤ ጎማ ቢከዳቸው ከሥሩ ቆሻሻ የሚለቃቅሙ ሰዎች አሉ። መስመሬን ወደዱት። ጠዋት ጠዋት መኪናቸውን አንድ ዙር ዞረው ጠመኔውን ሳያዩ አይወጡም ነበር። ውሎ አድሮ ሰላምታቸው ሆነ። "እንዴት አደርክ?" ሲባሉ "ቀጥ ብለን" ይላሉ። በእኔ ዘመን የቆሻሻ መኪና ጎማ አልወለቀም። ይህን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

እንግዲህ በስንብቴ ቀን ያንን ሣጥን የሰጡኝ እነዚህ ናቸው።

ዲጂታሉን መጀመሪያ አላመንኩትም። የሚጮኽ ነገር ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም። ስለዚህ ፈተንኩት። ጫፉን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስሬ መፍቻውን አጋደምኩና፣ ከሚዞርበት ነጥብ ግማሽ ሜትር ለክቼ እጀታው ላይ ውኃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን አንጠለጠልኩ። ኮልፌ ውስጥ ሙሉ ጀሪካን የማይገኝበት ቤት የለም፤ ክብደቱም ይታወቃል። በእጄ አስልቼ መቶ ሦስት ኒውተን ሜትር አካባቢ ማሳየት አለበት ብዬ ነበር። መቶ አራት ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ተስማማን።

አመሉን ተማርኩ። ሲበራ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ መሆን አለበት፤ ዜሮውን የሚያገኘው ያኔ ነው። እጀታው ላይ ምልክቱ ያለበት ቦታ ካልተያዘ ቁጥሩ ይስታል። ወደ ልኩ ሲቀርብ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይጮኻል፣ ልኩ ላይ ድምፁ ይያያዛል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ካለፈ ቀይ ነው። ቀዩን ካየሁ ዳዶውን በሌላ መፍቻ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ክረምት ሲገባ ባትሪውን አወጣለታለሁ። እሱም ይረፍ።

ልጄ አስተማሪ ናት፤ አሮጌ ቪትዝ አላት። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን እውነት ነው፤ መኪናዋን ስትገዛ ጎማዋን የምታሳስረው አጠና ተራ ጎሚስታ ዘንድ ነበር። እሱ ደግሞ መፍቻውን በቱቦ አስረዝሞ በእግሩ ይቆምበታል። ለምን ወደ እኔ እንደማታመጣው አልጠየቅኳትም። ያንን ቀልድ እየሰማች ነው ያደገችው። ዲጂታሉን ያመጣሁ ሰሞን ዳዶዎቿን ልያቸው ብዬ ስሞክራቸው አንዱ ከሚገባው በእጥፍ ጠብቋል፣ ሌላው ቡሎኑ ተስቦ ሊበጠስ ደርሷል። መስኮቱ ላይ ቁጥሩን አየችው። ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር አስተያየችው። "እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እሰሪልኝ" አለችኝ። ፊቴን ወደ ሣጥኑ አዙሬ ባትሪ የማወጣ መሰልኩ።

ወሬው ከእሷ ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቶች መኪናቸውን ግቢዬ ማምጣት ጀመሩ፤ ጎማ አዙሪልን፣ ካንዴላ ቀይሪልን፣ ዳዶ ለኪልን ይላሉ። አስራለሁ፣ አሰምራለሁ፣ ጥቂት ነድተው ተመልሰው እንዲያስፈትሹ አዝዛለሁ። ያልተመለሰ ሁለተኛ አይመጣም። የሚገርመው ግን እነዚያው ሰዎች እድር ላይ ወንበር ሲንቋቋ አሁንም ስሜን ይጠሩ ነበር። ቀልድ ከሰው ዓይን ይበረታል።

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ታደለ መጣ። እሱም ጡረታ ወጥቷል። እንደ ራሱ የምትወለወል ትንሽ መኪና ገዝቷል። በሬን ረግጦት አያውቅም ነበር። ያመጣችው ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ናት፤ ቀድማ ገባች፣ ቀድማም ተናገረች።

"ነገ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ወደ አምቦ እንሄዳለን" አለችኝ። "ጎማው ቋ ቋ ይላል። እሱ ያጠብቀዋል፣ ተመልሶ ይላላል፣ ያጠብቀዋል፣ ተመልሶ ይላላል። ከልጅ ልጆቼ ጋር በዚህ አልሳፈርም ብዬ ነው ያመጣሁት።"

መኪናዋን ከሩቅ አየኋት። ቸርኬዎቹ እንደ ብር ያበራሉ።

"አዲስ ቀለም ነው?" አልኩት።

"ዝገት ጀምሮት ነበር" አለ ታደለ። "ባለፈው ሰሞን አስረጨሁት።"

ክሪክ አስገብቼ አንዱን ጎማ አወረድኩ። የቸርኬው ጀርባ ወፍራም ብርማ ቀለም ለብሷል፤ በየቀዳዳው ዙሪያ ተደፍጥጦ ክብ ክብ ሠርቷል። ያ ቀለም ከዘመኑ ተሻግሮ ግቢዬ ድረስ የመጣ መሰለኝ። ሁለት ጎረቤቶች ተራቸውን እየጠበቁ ነበር፤ እነሱም ቀረብ አሉ። የሽቦ ብሩሹንና መፋቂያውን አምጥቼ ለታደለ ዘረጋሁለት።

"አንድ ጊዜ ጠበቅ ቢያደርጉልኝ ይበቃ ነበር፣ ወይዘሮ ብዙነሽ" አለኝ። እርስዎ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

"ማጥበቅስ አጠብቀው ነበር። ይጮኻል፣ አረንጓዴ ያበራል፣ ደስ ብሎዎት ይሄዳሉ። አምቦ ግን አይደርሱም። ይፋቁት።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ጎማው አጠገብ ተቀመጠ። መፋቅ ጀመረ። እጁ ዛሬም ፈጣን ነው። ወይዘሮ አስካለ ቀለም ይህን ያደርጋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ዳዶው ሳይዞር ከሥሩ ያለው እንደሚሳሳ፣ መፍቻም ይህን ሊያውቅ እንደማይችል። ጥቂት አሰበችና ወደ ባሏ ዞረች።

"ታዲያ የዚያ የአውቶቡሱ ጎማስ?" አለችው። "የምትስቁበት። እሱም ቀለም ነበረው?"

ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። የብሩሹ ድምፅ ቆመ።

"ነበረው" አለ ታደለ፤ ዓይኑን ከቸርኬው አላነሣም። "ያስቀባሁት እኔ ነኝ።" ትንሽ ፋቀና ደግሞ ቆመ። "መስመሩም ቀጥ ብሎ ነበር።"

"የቱ መስመር?" አለች ሚስቱ።

ከኪሴ ጠመኔውን አወጣሁ።

"ይነግሩዎታል" አልኳት። ለእሱ ደግሞ "ጥጉ ቀርቷል፤ ይጨርሱት" አልኩት። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም ይቅር አላልኩትም። ያን በር ገና አልረሳሁትም፤ በደሉ የጋሽ በየነ ነውና ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም።

አራቱንም ጎማ ፋቀ። ዳዶዎቹን በጣቴ አስገባሁ፣ ክሪኩን አወረድኩ፣ ዲጂታሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አበራሁት። ማዶ ለማዶ እየተሻገርኩ ሳብኩ። ማንም አላናገረኝም። በየዳዶው ድምፁ ተያያዘ፣ አረንጓዴው በራ። ስጨርስ ጠመኔውን ለታደለ ሰጠሁት። እንዴት እንደሚሰመር መንገር አላስፈለገኝም። ከዳዶው ጀምሮ ቸርኬው ላይ ቀጥ አድርጎ አወረደው፤ አንዱን ሲጨርስ ወደ ሌላው፣ እንደ ልጅ ጽሕፈት ጥንቅቅ አድርጎ።

"ሲመለሱ ይምጡ" አልኩት። "ይፈተሻል።"

ሰርጉን በልተው በተመለሱ ማግሥት ብቻውን መጣ። ጎማዎቹ አቧራ ለብሰዋል፤ መስመሮቹ ግን ይታያሉ፣ ቀጥ ብለዋል። መፍቻውን በየተራ አሳረፍኩባቸው። አንዱም ዳዶ ንቅንቅ ሳይል መፍቻው በየልኩ ጮኸ። ታደለ ቁጥሩን ከትከሻዬ በላይ ያይ ነበር። ከዚያ ከኋላ ኪሱ ጨርቅ አወጣ፤ ለመወልወል የሚይዘውን። እጁ ወደ ጎማው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።

"ልጥረገው?" አለኝ።

"ይቆይ።"

ጨርቁን ወደ ኪሱ መለሰው። ክረምቱ ገብቶ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ መኪናዋ በዚያ መስመር ሰፈሩን ስትዞር አየኋት። ጎማዋን ያጠበቀችው ብዙነሽ ናት።